የስኩል ዲስትሪክቶች ሲዋሃዱ ሕጉ ምን ይላል? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው

«ዲስትሪክታችን ከሌላ ዲስትሪክት ጋር ሊዋሃድ ነው» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ወላጅ አንብቦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ግን የልጅን አውቶቡስ፣ የቤት ታክስን፣ የአስተማሪን እንጀራ የሚነካ ውሳኔ ነው። በዚያ ላይ ወላጅ ሐሳቡን የሚሰጥበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ የምንኖር ወላጆች የምናነሳቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ሕጉ በየስቴቱ ስለሚለያይ አንድ መልስ ለሁሉም አይሠራም። በምሳሌ የማነሳቸው በይበልጥ አርካንሳ፣ ኒውዮርክና ቴኔሲ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዲስትሪክት እንደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው?

አይደለም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመንግሥት አንድ ክፍል ነው። የአሜሪካ ዲስትሪክት ግን በአብዛኛው ስቴት ራሱን የቻለ ሕጋዊ አካል ነው። ሕዝብ የመረጠው ቦርድ አለው። ንብረት ይገዛል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ከቤትና ከመሬት ላይ ታክስ ይሰበስባል። ስለዚህ ሁለት ዲስትሪክቶች ተዋሃዱ ማለት ሁለት ቦርድ፣ ሁለት ካዝና፣ ሁለት እዳ አንድ ሆነ ማለት ነው። አገር ቤት ከምናውቀው የትምህርት ቤቶች ጉድኝትም ይለያል። በጉድኝት ትምህርት ቤቶች ይደጋገፋሉ እንጂ ካዝናቸውን አይቀላቅሉም።

ሜሪላንድና ቨርጂንያ ላይ ዲስትሪክቱ የካውንቲውን ወይም የከተማውን ወሰን ተከትሎ የተሠራ ነው። ታክሱንም የሚጥለው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላሉ ወገኖች ይህ ጥያቄ ብዙም አይመጣም። ዳላስ ካውንቲ ግን በአንድ ካውንቲ ውስጥ ከአሥር በላይ ዲስትሪክቶች አሉ። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚኖር ሰው ጉዳዩን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1940 ገደማ በመላው አሜሪካ 117 ሺ ያህል ዲስትሪክቶች ነበሩ። ዛሬ 13 ሺ ገደማ ናቸው። የቀሩት ተዋህደው ወይም ፈርሰው ነው።

ይዋሃዱ ብሎ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

የስቴቱ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት ቤት የሚለው ነገር የለም። ዲስትሪክትን የሚፈጥረው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። የፈጠረውን ደግሞ ሊያዋህደው፣ ሊቆርሰው፣ ሊያፈርሰው ይችላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ገና ድሮ ቆርጦታል። በ1905 አንድ የሚሺጋን ጉዳይ ቀረበለት። የስቴቱ ምክር ቤት ከነባር ዲስትሪክቶች ቆርሶ አዲስ ዲስትሪክት አቋቁሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይችላል አለ። በ1907 ደግሞ የፒትስበርግ ጉዳይ መጣ። የጎረቤቷ የአሌጌኒ ከተማ ነዋሪዎች ከፒትስበርግ ጋር መዋሃድ አንፈልግም ብለው ነበር። ግን የሁለቱ ከተሞች ድምፅ አንድ ላይ ሲቆጠር ትልቋ ፒትስበርግ አሸነፈች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከተሞች የስቴቱ ፍጡር ናቸው፣ ነዋሪው ባይስማማም ስቴቱ ሊያዋህዳቸው ይችላል ብሎ ፈረደ። ዲስትሪክቶችም የሚዳኙት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። «መብታችን ተነካ» ብሎ በቀጥታ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሮጥ ብዙ ጊዜ እንደማያዋጣ ቀድሞ ማወቅ ስለሚሻል ነው። ወላጅን የሚጠቅመው ነገር ያለው ራሱ የስቴቱ ሕግ ውስጥ ነው፤ ማን ይጠይቃል፣ ማን ይመርጣል፣ ማን ያጸድቃል የሚለው ላይ።

ውህደቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ሁለቱም ዲስትሪክቶች ይቀሩና አዲስ ይፈጠራል። አዲስ ቦርድ ይመረጣል፣ ስምም ሊለወጥ ይችላል። በሁለተኛው አንዱ ዲስትሪክት ባለበት ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ እሱ ይጠቀለላል። የተቀባዩ ቦርድ በቦታው ሊቆይ ይችላል። የሚጠቀለለው ዲስትሪክት ወላጅ ከሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ያልመረጡት ቦርድ የልጅዎን ትምህርት ቤት ማስተዳደር ይጀምራል። እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ ጉዳይዎን የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይኖር ይችላል።

ደብዳቤው የትኛው እንደሆነ ካልነገረዎት መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ዲስትሪክቶቹ የግድ ድንበርተኛ መሆን አለባቸው?

ብዙ ስቴቶች ወሰናቸው የሚነካካ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሃል ላይ የሌላ ዲስትሪክት መሬት ካለ የልጆቹ አውቶቡስ ያንን አቋርጦ መሄድ አለበት። ልጁ ገና ሳይነጋ ይወጣል። እናትየው ለስብሰባ ስትጠራ ከሥራ ወጥታ ረጅም መንገድ ትነዳለች።

ግን ፈጽሞ አይቻልም ማለትም አይደለም። የአርካንሳ ሕግ በግልጽ የጻፈው ስለሆነ እሱን ልውሰድ። እዚያ መነሻው ድንበርተኝነት ነው። ሆኖም የስቴቱ የትምህርት ቦርድ ከሁለት ምክንያት አንዱ ካለ የተራራቁትንም ማዋሃድ ይችላል። አንዱ፣ በሁሉም ዲስትሪክቶች ያሉ ተማሪዎች የሚያገኙት ትምህርት በአጠቃላይ የሚሻሻል ከሆነ ነው። ሌላው፣ በትራንስፖርት ወጪ ወይም አገልግሎት ለሁሉም ዲስትሪክቶች ጉልህ ጥቅም የሚያመጣ ከሆነ ነው። ጥቅሙ ለተቀባዩ ብቻ ከሆነ አይበቃም።

ይህ ለወላጅ ጥሩ መከራከሪያ ነው። የተራራቁ ዲስትሪክቶች ይዋሃዱ ሲባል «እንቃወማለን» ብቻ ማለት ብዙም አይጠቅምም። «የእኛ ልጆች ምን የተሻለ ትምህርት ያገኛሉ? ዛሬ የማይሰጥ የትኛው ኮርስ ይሰጣቸዋል? አውቶቡሱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ግን ሕጉ ራሱ የሚፈልገውን ማስረጃ መጠየቅ ነው።

የተቆራረጠ ዲስትሪክት በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ደላዌር ላይ ክሪስቲና የሚባለው ዲስትሪክት አለ። ዋናው ክፍሉ ኒዋርክ ከተማ አካባቢ ነው። ሌላው ቁራጭ ግን ዊልሚንግተን ከተማ ውስጥ ነው። በመሃል የሌሎች ዲስትሪክቶች መሬት አለ። ሃይስኩሎቹ ያሉት በኒዋርክ በኩል ነው። ስለዚህ የዊልሚንግተን ልጆች ለሃይስኩል በአውቶቡስ ወደዚያ ይጓዛሉ። ይህ ካርታ እንዴት እንደመጣ ፍርድ ቤትን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ተማሪ ስላነሰ ብቻ ዲስትሪክት ሊፈርስ ይችላል?

በአንዳንድ ስቴት ይችላል። በጣም የታወቀው የአርካንሳው ሕግ ነው። በ2004 መጀመሪያ ላይ የወጣው ይህ ሕግ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከ350 ተማሪ በታች የሆነ ዲስትሪክት ከሌላ ጋር በአስተዳደር እንዲዋሃድ ያዛል። በሕጉ አካሄድ፣ እስከ ጃንዋሪ 1 ዝርዝሩ ይወጣል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የወጣ ዲስትሪክት እስከ ማርች 1 ራሱ የሚስማማውን አጋር ፈልጎ ማመልከት ይችላል። ካልፈለገ የስቴቱ ቦርድ ያዋህደዋል። ውህደቱ የሚጸናው በጁላይ 1 ነው። የሕዝብ ድምፅ የለበትም።

አጋር ለመፈለግ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ መሆኑን ይዩት። ጠንቃቃ ቦርድ ይህን ውይይት የሚጀምረው ዝርዝሩ ሳይወጣ በፊት ነው። የተማሪ ቁጥር በአንድ ሌሊት አይወድቅም፤ ሁሉም ሲወርድ እያየው ነው። ቁጥሩ 400 ሲደርስ ቦርዱ ስለ ጉዳዩ የማያነሳ ከሆነ ወላጅ ማንሳት አለበት። ዘግይቶ የሚዋሃድ ዲስትሪክት የሚደራደርበት ነገር አይኖረውም።

ሕጉ ለምን እንደወጣም ማወቅ ያስፈልጋል። ሌክ ቪው የምትባል፣ በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ባለው ደልታ ውስጥ የምትገኝ፣ ጥቁሮች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ዲስትሪክት ነበራት። በ1992 ይህ ትንሽ ዲስትሪክት «የስቴቱ የትምህርት በጀት አከፋፈል ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ ስቴቱን ከሰሰ። ለአሥር ዓመት ተሟገተ። በኖቬምበር 2002 የአርካንሳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አከፋፈሉ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ፈረደለት። ስቴቱ መፍትሔ ሲፈልግ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ ይህ የ350 ሕግ ነው። ያኔ ገዥ የነበሩት ማይክ ሃካቢ ዝቅተኛው ቁጥር 1,500 ተማሪ እንዲሆን ነበር የፈለጉት። ምክር ቤቱ 350 አደረገው። እሳቸውም አልፈረሙበትም፤ ሳይፈረም ሕግ ሆነ። ሌክ ቪው ራሱ ከ350 በታች ስለነበር በዚያው በ2004 ባርተን ሌክሳ ከሚባለው ዲስትሪክት ጋር ተዋሃደ።

ለሁሉም ልጆች ገንዘብ ያስገኘ ዲስትሪክት በዚያው መዘዝ ስሙ ጠፋ። ይህ ታሪክ ያሳዝነኛል። ትንሽ ዲስትሪክት ማለት ሁልጊዜ ደካማ ዲስትሪክት ማለት አይደለም። ቁጥር ብቻውን ስለ ልጆቹ ትምህርት የሚናገረው ጥቂት ነው። በ2015 አርካንሳ ራሱ ሕጉን አላላው። ቁጥሩ ከ350 በታች ቢሆንም በትምህርት፣ በገንዘብና በሕንጻ ችግር የሌለበት ዲስትሪክት ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። እኔ እስከማምነው ከመጀመሪያው እንዲህ መሆን ነበረበት።

ድምፅ እንሰጣለን ወይ?

ውህደቱ በየት በኩል እንደመጣ ይወስነዋል።

ኒውዮርክ ላይ ወላጁ ብዙ ዕድል አለው። መጀመሪያ ጥናት ይደረጋል። ቀጥሎ የነዋሪውን ስሜት ለማወቅ የማያስገድድ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ሕጋዊው ድምፅ ይመጣል። ድምፁ በየዲስትሪክቱ ለየብቻ ይቆጠራል። በአንዱ «እምቢ» ከተባለ ውህደቱ ይቀራል። ትንሹ ዲስትሪክት በትልቁ ቁጥር አይዋጥም። ከፒትስበርጉ አቆጣጠር ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ ይታይዎታል።

ቴኔሲ ላይ የሆነው ሌላ ነው። በዲሴምበር 2010 የሜምፊስ ከተማ ትምህርት ቦርድ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ቻርተሩን፣ ማለትም የተቋቋመበትን ሕጋዊ ፈቃድ፣ ለመተው ወሰነ። ይህ ማለት የከተማው ዲስትሪክት ይቀርና ልጆቹ በሙሉ በዙሪያው ላለው የሼልቢ ካውንቲ ዲስትሪክት ይሰጣሉ ማለት ነው። በማርች 2011 የከተማው ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደገፈ። ከከተማው ውጭ ያለው የካውንቲው ነዋሪ ግን በዚያ ምርጫ አልተሳተፈም። መቶ ሺ ያህል ልጆች ሊመጡበት ነው፣ የሚጠይቀው የለም። ቁጣው ከዚያ ጀመረ። መጨረሻው ምን እንደሆነ ወረድ ብለው ያገኙታል።

ቨርሞንት በ2015 ባወጣው ሕግ መጀመሪያ በማባበል ጀመረ። ቶሎ ለተዋሃደ የታክስ ቅናሽ ሰጠ። በፈቃዳቸው ያልተዋሃዱትን ደግሞ የስቴቱ ቦርድ በ2018 መጨረሻ በትእዛዝ አዋሃደ። ከ30 በላይ ቦርዶች ቢከሱም አላሸነፉም።

ዜጋ ያልሆንኩ ሰው መምረጥ እችላለሁ?

በአብዛኛው ቦታ አይችሉም። ኒውዮርክ ላይ ለምሳሌ በዚህ ድምፅ ለመሳተፍ የአሜሪካ ዜጋ፣ 18 ዓመት የሞላና በዲስትሪክቱ 30 ቀን የኖረ መሆን ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ አይበቃም።

እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ። ድምፅ መስጫው ብዙ ጊዜ ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። ሰዎቹ ያውቁዎታል፣ «ግቡ» ሊሉዎት ይችላሉ። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ግን በኢሚግሬሽን ጉዳይዎ ላይ ከአገር እስከ ማስወጣት የሚደርስ መዘዝ አለው። በየዋህነት ነው ያደረግሁት ማለት አያድንም።

በሕዝብ ስብሰባ ላይ መናገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ዜግነት አይጠየቅም። ደብዳቤ መጻፍ፣ ፊርማ ያለው ተቃውሞ ማስገባት፣ ሰነድ መጠየቅ ይችላሉ። ተከራይ ከሆኑም «ታክስ አልከፍልም» ብለው ወደኋላ አይበሉ። የቤት ታክስ ሲጨምር ኪራይ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

የልጄ ትምህርት ቤት ይዘጋል?

ዲስትሪክት ተዋሃደ ማለት ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት አይደለም። የአርካንሳው ሕግ ራሱ የሚያዋህደው አስተዳደሩን ነው፤ አንድ ሱፐርኢንተንደንት፣ አንድ ቦርድ፣ አንድ በጀት። ሕንጻዎቹ ክፍት ሆነው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሆኖም አዲሱ ቦርድ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ቦታ የሆነውም ይኸው ነው።

ለተገለሉ ትምህርት ቤቶች አርካንሳ ጥሩ መከላከያ አለው። ሕጉ አምስት መመዘኛ ያስቀምጣል፣ አራቱን ማሟላት ያስፈልጋል። ከሃይስኩሉ እስከ ጎረቤት ዲስትሪክት ሃይስኩል ያለው የአስፋልት መንገድ ቢያንስ 12 ማይል መሆን። በአውቶቡስ የሚመጡ ተማሪዎች በአንድ ስኩዌር ማይል ከ3 ማነስ። የዲስትሪክቱ ስፋት 95 ስኩዌር ማይል ወይም ከዚያ በላይ መሆን። አውቶቡሱ ከሚሄድበት መንገድ አስፋልት የሆነው ከግማሽ በታች መሆን። እንደ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም ተራራ ያለ የተፈጥሮ እንቅፋት መኖር። እንዲህ ተብሎ የተመዘገበን ትምህርት ቤት ለመዝጋት የቦርዱ አባላት በሙሉ መስማማት አለባቸው። ሙሉ ስምምነት ከሌለና አብላጫው ከደገፈ ደግሞ የስቴቱ ቦርድ ማጽደቅ አለበት።

እንዲህ ዓይነት መከላከያ የሌለበት ቦታ ምን ሊሆን እንደሚችል ዳላስ ላይ ታይቷል። ዊልመር ሃቺንስ የሚባለው ዲስትሪክት በገንዘብ አያያዝና በፈተና ማጭበርበር ችግር ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2005 ልጆቹ ወደ ዳላስ ዲስትሪክት ተላኩ፣ በ2006 ዲስትሪክቱ ፈረሰ። ሃይስኩሉ በዳላስ ዲስትሪክት ሥር እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። በመሃል ያሉት ዓመታት የአካባቢው ልጆች ሃይስኩል የጨረሱት ከሰፈራቸው ወጥተው ነው።

የድሮው እዳ ወደ እኛ ይመጣል?

ሊመጣ ይችላል። ኒውዮርክ ላይ የድሮ ዲስትሪክቶች ለሕንጻ የተበደሩትን አዲሱ ዲስትሪክት ይረከባል። ማለትም ጎረቤትዎ ለጂም የተበደረውን እርስዎም ይከፍላሉ። ይህን ለማቅለል ስቴቱ ማበረታቻ ይሰጣል። ለመጀመሪያ አምስት ዓመት በመደበኛ ድጎማው ላይ እስከ 40 በመቶ ይጨመራል። ከዚያ በየዓመቱ 4 ነጥብ እየቀነሰ በ14 ዓመት ውስጥ ያልቃል። ገንዘቡ ሲያልቅ ዲስትሪክቱ በራሱ ቆሞ እንደሚሄድ ከወዲሁ ካልታሰበበት ችግሩ ለዛሬ ሕጻናት ይቀመጥላቸዋል።

ሚሺጋን ላይ ሌላ ዓይነት ታየ። በ2013 ኢንክስተር የሚባለው ዲስትሪክት ሲፈርስ ልጆቹ ለአራት ጎረቤት ዲስትሪክቶች ተከፋፈሉ። እዳው ግን አብሮ አልሄደም። የቀድሞው ዲስትሪክት ወሰን ውስጥ ያለው ነዋሪ መክፈሉን ቀጠለ። ዲስትሪክት የለውም፣ እዳ አለው።

አስተማሪዎቹስ?

ኒውዮርክ ላይ አስተማሪዎች ወደ አዲሱ ዲስትሪክት ይዛወራሉ፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም ይቆጠርላቸዋል። በአንጻሩ ሚሺጋን ላይ ይፕሲላንቲና ዊሎው ረን በ2013 ሲዋሃዱ ሠራተኞች ለሥራቸው እንደ አዲስ ማመልከት ነበረባቸው። ልጅዎን የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ አስተማሪ ይቀጥል ወይም አይቀጥል የሚለውን በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።

ፍርድ ቤት ዲስትሪክቶችን ማዋሃድ ይችላል?

ይችላል፣ ግን በጣም በጠበበ ሁኔታ። ከዘር መለያየት ታሪክ ጋር፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ከማስተማር ጋር፣ ካልተያያዘ አይመጣም።

በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲትሮይትን ጉዳይ አየ። የታችኛው ፍርድ ቤት የከተማዋን ልጆች ከ53 የዳር ከተማ ዲስትሪክቶች ጋር አንድ ላይ ለማደል አስቦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ውድቅ አደረገው። የዳር ዲስትሪክቶቹ በመለያየቱ ጥፋት እንዳለባቸው ካልታየ ወሰናቸውን መሻገር አይቻልም አለ። እኔ ይህን ፍርድ እንደ ትልቅ ጉዳት ነው የማየው። ሀብታሙ ሰፈር የራሱን አጥር ይዞ እንዲቆይ አደረገ።

ጥፋቱ ሲረጋገጥ ግን ይቻላል። ደላዌር ላይ በ1978 በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዊልሚንግተንና አካባቢው ያሉ 11 ዲስትሪክቶች አንድ ሆኑ። በ1981 ያ ግዙፍ ዲስትሪክት ለአራት ተከፈለ። እያንዳንዱ የከተማዋን ቁራጭ እንዲይዝ ተደረገ። የክሪስቲና ዲስትሪክት ሁለት ቦታ የተቆረጠውም ለዚህ ነው። አርካንሳ ላይም በ1984 አንድ ዳኛ ሊትል ሮክን ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር እንድትዋሃድ አዘው ነበር። በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው።

የአርካንሳ ሕግ ከዚህ ተምሯል። የስቴቱ ቦርድ ውህደት ከማዘዙ በፊት ውህደቱ የዘር መለያየትን የማስወገድ ሥራ ያደናቅፍ እንደሆነ የስቴቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አስተያየት መጠየቅ አለበት። የሚያደናቅፍ ከሆነ ማዘዝ አይችልም።

ከተዋሃድን በኋላ መለየት እንችላለን?

አንዳንዴ። ሜምፊስ እዚህ ላይ ይመለሳል። ውህደቱ በጁላይ 1 ቀን 2013 ጸና። በዚያው ዓመት የቴኔሲ ምክር ቤት ከተሞች የራሳቸውን ዲስትሪክት እንዳያቋቁሙ የሚከለክለውን ሕግ አነሳ። በ2014 ስድስት የዳር ከተሞች፣ ማለትም አርሊንግተን፣ ባርትሌት፣ ኮሊየርቪል፣ ጀርመንታውን፣ ሌክላንድና ሚሊንግተን የራሳቸውን ዲስትሪክት ይዘው ወጡ። ሕንጻዎቹን ሲወስዱ ለካውንቲው ዲስትሪክት በ12 ዓመት የሚከፈል ገንዘብ ተስማሙ።

ጀርመንታውን ላይ ግን ነገሩ ተጣመመ። ስሟን የያዙት ሦስት ትምህርት ቤቶች፣ ኤሌመንታሪው፣ ሚድሉና ሃይስኩሉ፣ ከተማዋ ውስጥ ቢሆኑም ለካውንቲው ዲስትሪክት ቀሩ። ምክንያቱ አብዛኛው ተማሪያቸው ከከተማዋ ውጭ ስለሚኖር ነው። ወላጆች ለዓመታት የሰፈራቸው ትምህርት ቤት በሌላ ዲስትሪክት ሲተዳደር አዩ። ስምምነት ላይ የተደረሰው በ2022 የስቴቱ ምክር ቤት ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። በመለያየት ጊዜ ሕንጻው የማን ነው፣ ልጆቹስ የማን ናቸው የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው።

የዘር ጉዳይ ካለበት ደግሞ መለየት ሊከለከል ይችላል። ቨርጂንያ ላይ ኤምፖሪያ የተባለች ከተማ የዘር መለያየት ይቅር የሚል ትእዛዝ ከመጣ በኋላ ከካውንቲው ዲስትሪክት ልውጣ አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 አይሆንም አላት።

ልጄ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ወይም ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያገኛል። ይቋረጣል?

መቋረጥ የለበትም። እነዚህ መብቶች ከፌዴራል ሕግ የመጡ ናቸው፣ ዲስትሪክት ሲቀየር አብረው ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ድጋፍ መስጠት ግዴታ እንደሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ፈርዷል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅም መማር እንደሚችል በ1982 ተወስኗል። አይኢፒ፣ ማለትም ለልዩ ፍላጎት ተማሪ በግሉ የሚዘጋጅ የትምህርት እቅድ፣ ያለው ልጅ በዚያው ስቴት ውስጥ ወደ ሌላ ዲስትሪክት ሲገባ፣ አዲሱ ዲስትሪክት የቀድሞውን አይኢፒ እስኪቀበል ወይም አዲስ እስኪያዘጋጅ ድረስ ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። የአይኢፒውን ቅጂ ከጁላይ በፊት በእጅዎ ይያዙ። ፋይል በሚዛወርበት በጋ ወረቀት ይጠፋል።

ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ?

ጥናቱን ማን ሠራው፣ የት ይገኛል? የትኛው ትምህርት ቤት በስንት ዓመት ውስጥ አይዘጋም ተብሎ በጽሑፍ ተቀምጧል? በቃል የሚሰጥ ተስፋ አይያዙ። «የመዝጋት ሐሳብ የለንም» ማለትና «ለአምስት ዓመት አንዘጋም» ብሎ መፈረም አንድ አይደለም። ደግሞ የሚፈርመው አካል በኋላ ይኖራል ወይ? የድሮው ቦርድ ከፈረሰ ማን ያስፈጽማል? አዲሱ ቦርድ ላይ የኛ ሰፈር ስንት ወንበር አለው? ልጁ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ አውቶቡስ ላይ ስንት ደቂቃ ያሳልፋል? ታክሱ ዘንድሮ ስንት ነው፣ የስቴቱ ማበረታቻ ሲያልቅስ? አስተርጓሚ ከፈለጉ ከስብሰባው ቀን ቀደም ብለው በኢሜይል ይጠይቁ። አምስት ስድስት ወላጅ ሆነው ሲጠይቁ መልሱ ይፈጥናል።

ውሳኔውን መቃወም ከፈለግን ወዴት ነው?

አርካንሳ ላይ የስቴቱ ቦርድ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ቅር ያለው ዲስትሪክት ይግባኝ የሚለው ሊትል ሮክ ላለው የፑላስኪ ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። ኒውዮርክ ላይ ለስቴቱ የትምህርት ኮሚሽነር ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል፤ ጊዜው 30 ቀን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት እንጂ እርስዎ ከሰሙበት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው በተሰጠ ሳምንት ወደ ስቴቱ የትምህርት ቢሮ ደውለው የይግባኙን ቀን በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ጠበቃ የሚያማክሩም ከሆነ በትምህርት ሕግ የሚሠራ ይሁን፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃዎ ጎበዝ ቢሆንም ይህ የሱ ሥራ አይደለም።